የማይተያዩ አማትና አማች

ሌላንድ ኮረብታው አናት ላይ መኪናውን አቁሞ እንደ ልማዱ ክላክስ አደረገ። አማቱ ናናባ ድምፁን ስትሰማ ወደ ክብ ቤቷ ትገባለች፤ እሱ ያመጣላትን ውሃ በርሜሏ ውስጥ ገልብጦ ይሄዳል። ልጇን ካገባ ጀምሮ እንዲህ ነው የኖሩት። በአሜሪካ ነባር ሕዝብ በናቫሆዎች ወግ አማትና አማች ከተያዩ ዓይናቸው ይጠፋል። የዛሬ ወጣቶች ይስቁበታል። ሌላንድም ቺንሊ ከተማ ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ይስቃል። ግን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ያለ ዓይን ምን ይሆናል? እዚህ ሲደርስ ሳቁ ይጠፋል።

ዛሬ ጥቁሯ ውሻ ሊዢን እየጮኸች ወደ መኪናው ሮጠች። በጎቹ ሜዳው ላይ ተበትነዋል። ሌላንድ ወርዶ ወደ በረቱ ሲጠጋ የወደቀ የአጥር ቆርቆሮ አየ፤ ከሥሩ የቀሚስ ጫፍና ደም። ከቆርቆሮው ሥር ናናባ ጮኸች።

"እዚያው ቁም! ማነህ?"

"እኔ... ሌላንድ ነኝ።"

"ወይ ጉዴ! ዙር! ዙር ብያለሁ!"

ዞረ። መነጋገሩም ነውር ነበር። ስለዚህ ናናባ ውሻዋን ጠራች።

"ሊዢን፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው። ቆርቆሮው ባቴን ቆርጦኛል። ልጄን ይጥራልኝ።"

ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም። ሚስቱ ሸርሊን ቺንሊ ሥራዋ ላይ ናት፤ ሄዶ እስኪያመጣት የእናቷ ደም ያልቃል።

"ሊዢን፣ ንገሪያቸው" አለ ጀርባውን እንደሰጠ። "ልጃቸው ሩቅ ናት። እኔ ልሸከማቸው።"

"ዓይኑ ሲጠፋስ የልጅ ልጆቼን ማን ሊያበላቸው ነው? አንቺ ነሽ አውቶቡሱን የምትነጂው?"

ሌላንድ በዚያ ድንጋጤ መሃል ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ደግሞ እንባው መጣ። አማቱ የምትሸሸው ስለማትወደው ይመስለው ነበር። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ዓይኑን ስትጠብቅለት ኖራለች።

ዓይኑን ጨፍኖ የኋሊት ተጠጋና ተንበረከከ። እጁ ትኩስ ደም ነካ፤ ቁስሉን ግን ሊያገኘው አልቻለም።

"የቱ ጋ እንደሆነ ይንገሩኝ በያቸው፣ ሊዢን።"

መልስ የለም።

"እማማ?"

እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ራሷን ሳትስት አልቀረችም። ውሻዋ ብቻ ታለቅሳለች።

ሌላንድ ዞሮ ዓይኑን ገለጠ። ቆርቆሮውን አነሳ፤ ቀበቶውን ፈትቶ ከጉልበቷ በታች ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ደሙ ቀነሰ። ቀና ሲል ክው አለ። ፊቷ የሸርሊን ፊት ነበር፤ ያው ግንባር፣ ያው አገጭ፣ እርጅና ብቻ የጨመረበት። ስንት ዓመት አብሮት የኖረ ፊት!

ናናባ ዓይኗን ገለጠች።

"አየኸኝ!" አለች በደከመ ድምፅ። "ምን ነካህ አንተ ልጅ? ዓይንህን!"

"አየሁዎት፣ እማማ። የሚጠፋ ከሆነ ይጥፋ። አሁን ላነሳዎት ነው፤ ይያዙኝ።"

ናናባ ፊቷን ልትሸፍን ሻሿን ያዘች። ከዚያ ሻሹን ለቀቀችና በሁለት እጇ አንገቱን ጠምጥማ ያዘችው።