ሦስተኛዋ ቴፕ

የወንድሙ ልጅ የቤተሰቡን የድሮ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ሊገለብጥ ፈልጎ፣ ጡረታ ለወጣው ሬዲዮ ጠጋኝ ሦስት አሮጌ ቴፖች አመጣለት። "ጋሼ፣ የትኛው ቴፕ ድምፅ ሳያዛባ እንደሚያጫውት ፈትሽልኝ" ብሎት ሄደ።

ጠጋኙ የቴፖቹን ውስጥ በአልኮል ወለወለ፤ የላሉ ጎማዎችንም ቀየረ። ከዚያ በሚያምናት በራሱ ቴፕ ውስጥ ባዶ ካሴት ከቶ ሚስቱን ጠራት።

"እስቲ እዚህ ላይ የመጣልሽን ተናገሪ።"

ሚስቱ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለች። "ይህ ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ ከቴፕ ጋር ተጋብቷል፤ እኔ ደግሞ ርቦኛል!"

የቀዳበትን ካሴት በሦስቱም አጫወተ። በመጀመሪያዋ የሚስቱ ድምፅ ተጎትቶ ጎረነነ።

"ታላቅ ወንድሜን ከየት አመጣኸው?" ብላ ሳቀች።

ሁለተኛዋ የራሷን ድምፅ ቁርጥ አድርጋ አወጣችው። ሦስተኛዋ ግን ትፈጥን ስለነበር ቀጭን የልጃገረድ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሚስቱ ወደ ቴፗ ጠጋ አለች።

"እስቲ ድገማት። ስንተዋወቅ እንዲህ ነበር የማወራው?"

"እንዲህ ነበር የምትቆጪኝ" አላት።

ፍጥነቷን ሊያስተካክል መፍቻ ሲያነሳ እጁን ያዘችው። "አንተ ሰው፣ እሷን አትንካብኝ!"

ጠጋኙ ብልሽት እያየ ሲተው የመጀመሪያው ነበር፤ ቢሆንም ደስ አለው። ለወንድሙ ልጅ ደወለለት።

"ሁለተኛዋ ጤነኛ ናት፤ ውሰዳት። ሦስተኛዋ እኛ ጋ ትቅር።"

"ምን ሆና ነው ጋሼ?"

"ምንም" አለ ሚስቱን እያየ፣ "ትንሽ ትቸኩላለች።"