እስኪሸጥ ድረስ

አባቷ ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነጋዴ ነው። ሱቁ ከፊት፣ ቤታቸው ከኋላ። ሰው ዝም ያለ ዕቃ አይገዛም ብሎ ስለሚያምን፣ አዲስ የገባውን ሁሉ ልጁን ያለማምዳታል። «ሁለገብ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣላትም እሱ ነው። ደንበኛ ሲመጣ፣ «አዩልኝ፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ትጫወተዋለች!» ይላል። ደንበኛው ይገረማል፣ ይገዛል፣ ይሄዳል።

ሁለገብ ትባል እንጂ አንድም ዜማ እስከ መጨረሻው አታውቅም። ጊታሩ ጣቷን አቁስሎ፣ ቆዳዋ ገና ሲጠነክር ተሸጠ። ቫዮሊኑ እንደ ድመት መጮኹን ትቶ ዜማ ማውጣት በጀመረ ሰሞን ተሸጠ። ክላርኔቱንማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከመስኮቱ ሥር አጣችው። ጎረቤቶች «የታደልሽ! ቤትሽ ሙሉ መሣሪያ!» ሲሏት ቆሽቷ ያርራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ አይደል?

አኮርዲዮኑ ሲመጣ ግን አስማለችው።

«ይሄን አትሸጠውም፣ አባዬ።»

«ከሸጥኩት ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለ እየሳቀ።

አመነችው፣ ሞኝ! ክረምቱን ሙሉ ትከሻዋ እስኪዝል ደረቷ ላይ አቅፋ ተለማመደች። የያዘችውን ዜማ እስከ መጨረሻው ልትወጣው ትንሽ ነበር የቀራት።

አንድ ቅዳሜ ለልጇ ስጦታ የምትፈልግ ሴትዮ ገባች።

«ሁለገብ፣ እስቲ አኮርዲዮኑን አሰሚያቸው» አለ አባቷ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ደሟ ፈላ። አንስታ ተጫወተች፣ በንዴት፣ ከዚህ በፊት ተጫውታው በማታውቀው ፍጥነት። ዜማው መሀል ላይ ሴትዮዋ እጇን አነሳች።

«ይበቃል የኔ ልጅ። እወስደዋለሁ።»

ልጅቷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

«በቃ ተብለሻል!» አለ አባቷ።

«ምለህልኝ ነበር!» ጮኸችበት፣ ጣቶቿ ሳይቆሙ። «ውሸታም!»

«ሰው ፊት አታዋርጂኝ! አምጪ!»

አንዱን ጎን ይዞ ጎተተ። እሷም ሌላውን አለቀቀችም። በመሀል ያለው፣ እንደ ወናፍ አየር የሚስበው እጥፋት ተለጠጠ፣ አቃሰተ፣ ከዚያ ጣ ብሎ ለሁለት ተቀደደ።

ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

«ምን አደረግሽ? አሁን ይሄን ማን ይገዛዋል?»

«ማንም!» አለች፣ በእሱ እጅ የቀረውን ግማሽ እየነጠቀችው። «አሁን የኔ ነው።»