ይቆይ የሚለው ኪስ

የ3117 ካርድ የት ገባ?

ሚልዮን ተንበርክኮ አልጋው ሥር ያለውን አቧራ በመዳፉ ጠረገ። ካርዱ የለም። ተነሳ፤ የሸሚዙን ኪስ ዳበሰ፤ እንደገና ተንበረከከ። ፉርጎዋ ግን አትባራ ጣቢያ፣ ዋናው ሐዲድ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ቡናማ ናት፤ ርዝመቷ ከመዳፍ አይበልጥም።

«ተቀመጥ አንተ ልጅ፤ አዞርከኝ» አሉ ዓም በሽር ከወንበራቸው ሳይነሱ። «ካርድ እግር የለው፤ የት ይሄዳል?»

ዓም በሽር፣ አጎት በሽር እንደማለት፣ ባቡር መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ፉርጎ ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሱዳናዊ ናቸው። ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ባለው ሳሎናቸው አራት አሮጌ በሮች በገመድ አልጋዎች ላይ ተጋድመዋል፤ በበሮቹ ላይ ደግሞ ከኡበይድ ተነስቶ፣ በካርቱምና በአትባራ አልፎ፣ ፖርት ሱዳን የሚደርስ የባቡር መንገድ ተዘርግቷል። ሐዲዱንና ሃያ ሁለቱን ፉርጎዎች በሻንጣ ተሸክሞ ያመጣቸው ሚልዮን ነው። ካርቱም ተወልዶ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከአጎቱ ጋር ስዊድን ሄደ፤ እዚያው ተምሮ፣ እዚያው ሠርቶ፣ ሠላሳ ሊሞላው ሲል ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ ለጠየቀው ሁሉ የተለያየ መልስ ይሰጣል። የልብሱ ሻንጣ ከመጣ ስምንት ወር ቢሞላውም እስካሁን ከበሩ ጀርባ እንደተቆለፈ ቆሟል።

ዕቃውን ከመንገድ ያደረሰለት ዳውድ የሚባል ወሎዬ፣ እዚያ ረክሻ የሚሏት የባጃጅ ሾፌር ነበር። ሣጥኑን ሲያወርድ አንዱን ፉርጎ አየና፣

«የልጅህ መጫወቻ ነው?» አለው።

«የኔ ነው።»

«አላህ ያሽርህ።»

ይህን ብሎ ግን አልሄደም። በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየ። በሚቀጥለው ዓርብ ከሶላት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ዓርብ ቀርቶ አያውቅም።

የጨዋታው ደንብ ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ፉርጎ ቁጥሩ የተጻፈበት አንድ ካርድ አለው። በካርዱ ላይ ካለችው ትንሽ ኪስ ውስጥ ዓም በሽር ቦሊሳ የሚሏት የጭነት ወረቀት ትገባለች፤ ፉርጎው ምን ጭኖ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የምትናገረው እሷ ናት። ፉርጎው የተባለበት ሲደርስ ወረቀቷ ትገለበጥና ሌላ መንገድ ታሳያለች። ሳይደርስ ግን አትገለበጥም። ባቡሩን የሚነዳ ሰው ካርዶቹን ይዞ አብሮ ይሄዳል። በየጣቢያው ግድግዳ ላይ ባለ ሦስት ኪስ ሣጥን ተሰቅሏል፤ በዓረብኛና በአማርኛ «ይነሳ»፣ «ይውረድ»፣ «ይቆይ» ተብሎ ተጽፎበታል። ዳውድን አንድ በአንድ ያስተማረው ሚልዮን ነው። «ይቆይ ውስጥ የገባ ካርድ ትእዛዝ እስኪመጣ ማንም አይነካውም» ብሎታል።

3117 የዳውድ ፉርጎ ነበረች። ከኡበይድ ሙጫ ጭና ወደ ፖርት ሱዳን ስትሄድ፣ አትባራ በደረሰች ቁጥር መብራት ይጠፋባታል። «እኔና እሷ ያለን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማችን፣ አንድ ነው፤ የትም አያደርስ» እያለ ያስቃቸው ነበር።

ከሰባት ሳምንት በፊት አንድ ወረቀት አጥፎ አመጣ። የፓስፖርቱ ኮፒ ነው። ሚልዮን ስዊድን ሳለ አባል የነበረበት የትንንሽ ባቡሮች ክለብ በየክረምቱ ከውጭ እንግዳ እየጠራ ለቪዛ የሚሆን የግብዣ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ሰምቷል።

«ይኸው ስሜ። ጻፍላቸው። ከቀናኝ እሰየው፤ ካልሆነም ሞክሬ ነበር እላለሁ።»

«ኢንሻአላህ።»

«የመስጊድ ኢንሻአላህ ነው ወይስ የቢሮ?»

ሚልዮን ሳቀ። እዚያ የኖረበት ጊዜ ትዝ አለው፤ ዘጠኝ ዓመት ምሳውን በመስኮት ፊት ለፊት ብቻውን የበላበት፣ በሩን ያለ ቀጠሮ ማንም ያላንኳኳበት። እሱ ጥሎት ወደ መጣው ቦታ ሌላውን ሰው እንዴት ሂድ ይበለው? ደግሞስ አትሂድ ለማለት እሱ ማነው? ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ መብራት ጠፋ፤ ዓም በሽር «ሞተሩን ያዝ፣ ሊወድቅ ነው!» ብለው ጮኹ። እጁን ለማስለቀቅ ወረቀቱን አጠገቡ ባገኘው ኪስ ከተተው። የአትባራ «ይቆይ» ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ አወጣዋለሁ አለ። በሚቀጥለው ዓርብ ወረቀቱ እዚያው መሆኑን አየና ሌላ ሥራ ፈለገ። ስድስት ዓርብ እንዲህ አለፈ።

«ይቆይን አየህ ወይ?» አሉ ዓም በሽር።

ሚልዮን ሁሉንም ቦታ የፈተሸው እሱን ላለመፈተሽ ነበር። ጣቱን ሰደደ። ኪሱ ባዶ ነው። ካርዱ የለም። ወረቀቱም የለም።

ባለፈው ዓርብ ዓም በሽርን ጉልበታቸውን ስላመማቸው አትባራን የያዘው ዳውድ ነበር። ሚልዮን አሁን አስታወሰው። ሞተሩን ፈትቶ ሲያጸዳ ዳውድ ከኋላው ጠይቆት ነበር።

«አንድ ካርድ ይቆይ ውስጥ ስንት ሳምንት ይቀመጣል?»

«ትእዛዝ እስኪመጣ።»

«ትእዛዙን የሚሰጠው ማነው?»

«እኔ ነኛ!» ብሎ ሳቀ፤ ቀና እንኳ አላለም።

«ከላስ፤ በቃ» አለ ዳውድ።

ሚልዮን ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ጫማውን በትክክል ሳያጠልቅ ወጥቶ መኪና አስቆመና ሪያድ ወደሚባለው የካርቱም ሰፈር ሄደ። የዳውድ እህት መዲና እዚያ በአንድ ቪላ ሠራተኛ ናት። የግቢውን በር በከፊል ከፍታ፣ እጇን በፎጣ እያደረቀች አየችው።

«ባለባቡሩ አንተ ነህ?»

«ዳውድ የት ነው?»

«ረክሻውን ማክሰኞ ሸጠ። ሐሙስ ሄደ።»

«ወዴት?»

«ወደ ሰሜን። ከዚያ በላይ አልነገረኝም፤ እንዳለቅስበት ፈርቶ ነው።» ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣለች። «ከጓደኞቹ ጋር በመጋቢት በበረሃ ሊሄድ ነበር፤ ቀረ። ሚልዮን ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ነው፣ በሕጋዊ መንገድ እሄዳለሁ አለኝ። እኔ ሞኝዋም ደስ አለኝ። ምነው ከለከልከው?»

«አልከለከልኩትም። እንደው... አዘገየሁት።»

«ለሚጠብቅ ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው ወንድሜ?»

ከውስጥ የቤቱ እመቤት ተጣራች። መዲና «ያላ፣ ሂድ» ብላ በሩን ዘጋችው።

ሚልዮን ወደ ሐጅ ዩሱፍ ሲመለስ ዓም በሽር እንደተቀመጡ ነበሩ። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ ምንም አላስቀረም። ሽማግሌው ሰሙትና ሻይ አቀበሉት። አልጠጣውም። ወደ ሐዲዱ ሄደ።

«መንገድ ዘግታለች። ወደ ጎን ላድርጋት?»

«እጅህን አንሳ!» አሉ፤ እንዲህ ተቆጥተውት አያውቁም። «ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ ወረቀት ፉርጎ አንቀሳቅሼ አላውቅም። ካርዷን የያዘው ሰው እስኪመጣ አትነካም።»

«ሌሎቹ ባቡሮችስ?»

«እነሱም ይጠብቁ። አንተ የምትጽፈው የለህም እንዴ?»

ሚልዮን እዚያው ቆሞ ለክለቡ ጸሐፊ ጻፈ። ሰባት ሳምንት የፈራው ነገር አራት መስመር ነበር። መልሱ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰው፦ በደስታ እንጋብዘዋለን፤ ስሙን በላቲን ፊደልና የፓስፖርት ቁጥሩን ላክልን።

ቁጥሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀቱን ዳውድ ወስዶታል። መዲና ቁጥሩን አታውቅም፤ ጠየቃት። በሳሎኑ ከኡበይድ እስከ ፖርት ሱዳን ተመላለሰ፤ ጽፎ አጠፋ፤ ይቅርታ የሚል ረጅም ነገር ጽፎ እሱንም አጠፋ። በመጨረሻ የላከው ይህን ነው፦

«ዳውድ፣ ክለቡ እሺ ብሏል። የቀረው የፓስፖርትህ ቁጥር ብቻ ነው፤ ያለህበት ሆነህ ላክልኝ። ፉርጎህን ማንም አልነካትም።»

ከመልእክቱ ጎን መላኩን ብቻ የምትናገር አንዲት ግራጫ ምልክት ወጣች። ያ ዓርብ አለፈ፤ የሚቀጥለውም፤ ረመዳን ገብቶ ወጣ። መድረሱን የምትናገረው ሁለተኛዋ ምልክት አልመጣችም።