ያለ ማደንዘዣ

«ኧረ እባክሽ አንዴ ቁጭ በይ!» አለች እቴቴ፣ ለሦስተኛ ቀን።

ባል የሞተባት ሴት ግን አልተቀመጠችም። የታጠቡትን ብርጭቆዎች ደግማ ልታጥብ ወደ ኩሽና ገባች፣ ሳታጥብ ተመለሰች፣ የቡናውን ቴርሞስ ክዳን ፈትታ መልሳ ገጠመችው። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አቅቷታል። የሟች ታላቅ እህት የሆነችው እቴቴ ይህን ሁሉ ከሐዘን ቆጥራላታለች። ግማሹ እውነትም ሐዘን ነው። ግማሹ ግን ንዴት ነው፣ ያውም በሞተ ሰው ላይ፣ ለማንም የማይነገር።

በሩ ተንኳኳና አራት ጥቁር ለባሾች ገቡ። ለለቅሶው ብለው የለበሱት እንዳይመስላችሁ፤ እነዚህ ሰዎች ሠርግም የሚሄዱት በጥቁር ነው። ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ፣ ሰንሰለታቸው ወገባቸው ላይ፣ እንባቸው ጢማቸው ውስጥ። በመጀመሪያው ቀን እቴቴ ሲገቡ አይታ ቦርሳዋን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ ነበር፤ አሁን ማን ስንት ስኳር እንደሚፈልግ ሳይቀር አውቃለች። የሁለቱ ካናቴራ ላይ በትልልቁ «ያለ ማደንዘዣ» የሚል ተጽፏል። ባለቤቲቱ ጽሑፉን አየችና ፊቷን አዞረች።

ጢማሙ እጇን ያዘ።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ ይህን ቃል ባይፈጥርልን ኖሮ እኛ ስለ ሄቪ ሜታል ሙዚቃ የምናወራበት አፍ አልነበረንም» አላት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ እያለ። «‹ጊታሩ ያለ ማደንዘዣ ገባ› ሲል አለ አይደል… መቼም ሙዚቃው ለእርስዎ ጩኸት ነው፤ ላይገባዎት ይችላል።»

«ላይገባኝ ይችላል» አለች።

እሷ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መርፌና መሰርሰሪያ ስታቀብል የኖረች። ባሏ ደግሞ ጥርሱን ላለማሳየት ሲል መንጋጋው አብጦ ሳምንት የሚተኛ ፈሪ ነበር። «ይህን ቃል ከየት አመጣኸው?» ብሎ የጠየቀው አንድም አንባቢ አለመኖሩ ሁልጊዜ ይገርማት ነበር። ሰሞኑን ደግሞ ያንገበግባት ጀምሯል።

ባሏ የሚያዘጋጀው «ዝገት» የተባለ የሄቪ ሜታል መጽሔት የተወለደው ባሏ በሚሠራበት የኢንሹራንስ ቢሮ፣ አለቆቹ ምሳ በወጡበት ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤቱ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነበር። አርባ ቅጂ፣ ገጽ ሰባት ከገጽ አራት ቀድሞ። ሁለተኛው እትም ላይ አንድ የራስ ቅል ሥዕል ማሽኑ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ፣ ከአንድ አዛውንት የሕይወት መድን ውል ጋር አብሮ ተሰፍቶ እቤታቸው ደረሰ። ባሏ በማግስቱ ከሥራ ተባረረ። እቤት ሲገባ ግን ደስታውን ፊቱ ሊደብቀው አልቻለም፤ «በቃ፣ አሁን ሙሉ ጊዜዬን አገኘሁ!» ብሎ እሷን አንጠልጥሎ አሽከረከራት። ደመወዝ የምታመጣው እሷ ብቻ መሆኗ ትዝ ያለው ማታ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሦስት መቶ ቅጂ፣ ቀጥሎም ሁለት ሺህ ሆነ። ጋራዥ ውስጥም ሆነ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ባንድ ከተጫወተ እሱ እዚያ አለ፣ ስፒከሩ ላይ ተለጥፎ። «ርቆ የቆመ ሰው የሚጽፈው ወሬ ነው» ይል ነበር። በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ጆሮው ጨርሶ ተዘጋ።

«የማይሰማ የሙዚቃ መጽሔት አዘጋጅ! አገር ይስቅብኛል» ብሎ አለቀሰ። ለማንም እንዳትናገር አስማላት። እሷም ማለች፣ ምን ታድርግ፣ ትወደዋለች።

እንግዲህ ለዘጠኝ ዓመት ከሥራ ስትመለስ አዲስ የመጣው ሲዲ ይጠብቃታል። ሙዚቃው እስከ ጥግ ይከፈታል፤ እሱ መዳፉን ስፒከሩ ላይ አድርጎ ከንፈሯን ያነብባል። ድምፅ ማውጣት ለማን? የምትሰማውን በከንፈሯ ብቻ ትነግረዋለች፣ እሱ ይጽፋል። መጀመሪያ ራሷን ያማት ነበር። «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አትበይኝ» እያለ ይነዘንዛታል፤ «ምን ሰማሽ?» የሰማችውን ነገረችው። ነርቭ የነካ መሰርሰሪያ። ተነቅሎም የሚያም ጥርስ። ስለ ባንዶቹ ታሪክ የሚያውቀው እሱ ነው፤ የሰማችው ግን እሷ ናት። ውላ አድራ ክሊኒክ ውስጥ ጥጥ እያቀበለች በእግሯ ከበሮ ስትመታ ራሷን ያዘችው።

አንድ ቀን «ስሜስ የት አለ?» አለችው።

«በሚቀጥለው እትም።»

በሚቀጥለው እትም ቦታ ጠበበ። በሚቀጥለው ደግሞ ረሳ። ዐይኑ ውስጥ ያለው ፍርሃት አሳዘናትና ነገሩን ተወችው። እሱም እንደ ፈራ ሞተ።

ጥቁር ለባሾቹ እንደተቀመጡ ብልጭታ ጉሮሮውን ጠራረገ። ብልጭታ የመጽሔቱ ፎቶ አንሺ ነው፤ ከሁለተኛው እትም ጀምሮ ያልተለየ፣ አሁንም የሟችን ወንበር ይዞ የተቀመጠ።

«ተመካክረናል» አላት። «አንድ የመጨረሻ እትም እናወጣለን። የሒስ ገጹን ባዶ እንተወውና የእሱን ፎቶ እናደርግበታለን። ከዚያ ይዘጋል። ያለ እሱ ጆሮ ዝገት ምኑ ዝገት ነው?»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ የቴርሞሱን ክዳን እንደያዘች ቀረች። ዝም ካለች የባሏ ክብር ይጠበቃል፣ መጽሔቱ ግን አብሮት ይቀበራል፤ የእሷም ዘጠኝ ዓመት። ከተናገረች ደግሞ ሬሳውን በትከሻቸው በተሸከሙት ሰዎች ፊት ውሸታም ልታደርገው ነው።

በዚህ መካከል ከሌሎቹ ለቀስተኞች ጋር ጥጉ ላይ የተቀመጠች ቀጭን ልጅ ተነሣች። ድምፅዋ ከማነሱ የተነሣ እቴቴ እንኳ ጠጋ ብላ ነው የሰማቻት።

«እኔ… ዘፋኝ ነኝ። የመጀመሪያ ሥራችን ነው። እሰማዋለሁ ብሎኝ ነበር። አውቶቡስ ላይ ሳለሁ ነው ማረፉን የሰማሁት።» ሲዲውን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ለማስታወሻ ይቀመጥ፣ የኔ እመቤት» አላት ብልጭታ በርኅራኄ። «ከእንግዲህ ማን ይሰማዋል?»

«እኔ» አለች ባለቤቲቱ።

ዞር ብለው አዩዋት።

«እሱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምንም አልሰማም። ደንቁሮ ነበር። ስሰማ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«ምነው የኔ ልጅ!» አለች እቴቴ። «ኧረ ስለ ወንድሜ አፈር ብለሽ እንዲህ አትበዪ!»

የብልጭታ ፊት ተለዋወጠ። «ውሸት ነው» አለ። ቀጥሎ ግን እሱ ሲያወራ ሟች ምንጊዜም አፉን አፉን ያየው እንደነበር ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሁላችንን አታለለን? እኔንም ጭምር?»

«አንተን ነበር ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው።»

ጢማሙ ካናቴራው ላይ ያለውን ጽሑፍ አጎንብሶ አየ፣ ቀጥሎ እሷን አየ፣ ቀይ ሆነ።

«እሺ» አለ ብልጭታ፣ ከኪሱ እስክሪብቶና ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ። «እሺ። ስሚልኝ እስቲ።»

«በለቅሶ ቤት?» እቴቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

ባለቤቲቱ ግን ሲዲውን ከልጅቷ ተቀብላ ማጫወቻው ውስጥ ከታ፣ እንደለመደችው እስከ ጥግ ከፈተችው። ቤቱ ተናወጠ። ያቺ ሹክሹክታ የምትመስል ልጅ ስፒከሩ ውስጥ እንደ በሬ አገሳች። ብርጭቆዎቹ ሰሐናቸው ላይ ተንቀጫቀጩ፣ እቴቴ ጆሮዋን ደፈነች። ባለቤቲቱ ዐይኗን ጨፍና ቆመች። ከሦስት ቀን ወዲህ እግሮቿ ሳይቅበጠበጡ የቆሙት አሁን ነው። የምትናገረው ነገር ብዙ ነበር፤ ከበሮው እየሸሸ ነው፣ ልጅቷ ግን አትከተለውም፣ የሚያማትን ቦታ በምላሷ እየነካካች ቆማለች። ዐይኗን ገልጣ ወደ ወንበሩ ዞረችና ይህን ሁሉ በከንፈሯ አንድ በአንድ ተናገረች።

ብልጭታ ግራ ገብቶት መዳፉን ከጆሮው ጀርባ አደረገ።

«ምን?» ብሎ ጮኸ። «አይሰማኝም! ከንፈርሽን ብቻ ነው የማየው!»

ከጆሮው ጀርባ ያለውን መዳፍ አየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ሙዚቃውን ቀነሰችው።