ከሃያ በታች ያሉት

ሐኪሟ ሕፃኗን በሁለት እጇ ደግፋ የምርመራው አልጋ ላይ ልታቆማት ሞከረች፤ እግሮቿ ተጣጠፉ። ደግማ ሞከረች፤ ደግመው ተጣጠፉ። ሕፃኗ አላለቀሰችም። አፏ ያልበቃውን ምላሷን ወጣ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች። አሥራ አራት ወሯ ነው።

"መቼ ነው ነገሩ ያሳሰበሽ?" አለቻት እናትየውን።

"እኔንማ መች አሳሰበኝ! አማቴ ናት። 'ይቺ ልጅ ዘገየች፣ ይቺ ልጅ ዘገየች' እያለች ጆሮዬን በላችው። በነዘነዘችኝ ቁጥር ይሄንን ነበር የማሳያት።" እናትየው ስልኳን አውጥታ ዘረጋችላት። "ያዩታል ዶክተር? በተወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን የላካችሁልኝ ነው። 'የልጅዎ የደም ምርመራ ውጤት ደህና ነው' ይላል። አማቴም ይሄን ስታይ ዝም ትላለች።"

"አታለቅስም?"

"ኧረ ምን በወጣት! ካልቀሰቀስኳት እንኳ አትነሳም። ጎረቤቱ ሁሉ 'የታደልሽ' ይለኛል።"

ሐኪሟ መልእክቱን ማንበብ አላስፈለጋትም። እያንዳንዱ አራስ ሕፃን ተረከዙን ይወጋል፤ ጠብታው ወፈር ባለ ወረቀት ላይ ደርቆ ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል፤ ውጤቱ ለወላጅ ስልክ ይላካል። ይህንን ሥራ የሚቆጣጠሩት አምስት ባለሙያዎች ሲሆኑ አንዷ እሷ ናት። "ደህና" የምትለዋን ቃል ለመምረጥ ብቻ ግማሽ ቀን ተከራክረዋል።

አሁን አንድ ነገር ሊሰማኝ ይገባል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። ጥርስ ሲነቀል እንደደነዘዘ ከንፈር፣ ልቧ እዚያው መኖሩን ታውቃለች እንጂ አልተሰማትም።

"አንገቷ ሥር ያለችው ዕጢ በቂ ሥራ እየሠራች አይመስለኝም" አለች እየጻፈች። "ደሟን ዛሬውኑ እናያለን። ከዚያ በየቀኑ አንዲት ኪኒን ትወስዳለች።"

"አንዲት ኪኒን ብቻ? ትድናለቻ!"

"ትበረታለች። ትሄዳለችም።"

"ትድናለች ወይ ነው ያልኩት፣ ዶክተር።"

"ኪኒኗን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብትጀምር ኖሮ እንደማንኛውም ልጅ ታድግ ነበር። አሁን ግን አእምሮዋ ያመለጠውን ሁሉ አይመልስም።"

እናትየው ስልኳን ገልብጣ አየችው። "ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"አጣራለሁ" አለች ሐኪሟ።

የላብራቶሪው ኃላፊ ነጥብ ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር ሳይናገር ስለማያልፍ ባልደረቦቹ የለጠፉበት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁጥር ላይ ግን ይሉኝታ አያውቅም።

"አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት" አላት ከመዝገቡ ቀና ሳይል፤ ዕጢዋ ሲደክም ደም ውስጥ የሚበዛው ሆርሞን መጠን ነው። "መስመሩ ሃያ ነው። ከሃያ በላይ ለድጋሚ ምርመራ ይጠራል፣ ከሃያ በታች ደህና ይባላል። ነጥብ አራት ጎደላት።"

"ድሮ ቢሆንስ?"

"ድሮ መስመሩ አሥራ አምስት ነበር። ትጠራ ነበር።" ቀና አለ። "አንቺ ከፍ ሳታደርጊው።"

ከሁለት ዓመት በፊት እሷ ናት መስመሩን ወደ ሃያ ከፍ እናድርገው ያለችው። ለድጋሚ ምርመራ በስልክ ከሚጠሩት አሥር ሕፃናት ዘጠኙ ጤነኛ ሆነው ይገኙ ነበር። አንዷ አራስ ድንጋጤው ወተቷን አደረቀባት፤ ሌላዋ የሆስፒታሉ በር ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪሟ ስለ እነሱ አዝና ነበር። ሐሳቧን ሁሉም ደገፉት፤ ተጨበጨበላትም።

"ከእሷ ሌላ በአሥራ አምስትና በሃያ መካከል ያሉት ስንት ናቸው?"

"አርባ ሦስት። የመጨረሻዋ ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። አሥራ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ። 'ደህና ነው' የሚለው መልእክት ትናንት ሄዷል።"

ዝርዝሩን ከነስልክ ቁጥራቸው አትሞ ሰጣት። ምሳዋን ጨርሳ በላች፤ ምን እንደበላች ግን ብትጠየቅ አትናገርም። ባሏ ደውሎ የውሃ ታንከሩ እንደገና ማፍሰሱን ነገራት። ይጠገን ወይስ ይቀየር አላት። "ይጠገን" አለችው። ድምፅሽን ምን ነካው ሲላት "ምንም" ብላ ዘጋች፤ ውሸትም አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ላይ አምስቱም ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር ናቸው፤ የዛሬ ሃያ ዓመት እሷን ያስተማሩ፣ ዛሬም ከተማሪነት ያላወጧት። ጉዳዩን እስክትጨርስ አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት።

"አንቺ ልጅ" አሉ በመጨረሻ፣ "ሕፃኗ አንጀት ትበላለች። አሠራራችን ግን አልተጣሰም። ቃለ ጉባኤው ላይ 'ውጤቱ በወቅቱ በነበረው መስፈርት መሠረት ደህና ነበር' እንላለን። ውሸት አለው?"

"የለውም። አርባ ሦስቱስ?"

"ጥናት ይቅረብና በሚቀጥለው ስብሰባ እንወስናለን።"

"የሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ወር ይቀረዋል፣ ፕሮፌሰር።"

"ታዲያ ዛሬ አርባ ሦስት ቤት እንደውልና እናሸብር? ደህና ናችሁ ስንል ከርመን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሉን።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። መስመሩን ከፍ ያደረግሽው አንቺ መሆንሽንም አትርሺ። ለአንቺም ብዬ ነው።"

እውነታቸውን ነበር፤ ይወዷታል። ይህም ቢሆን አልተሰማትም።

"ጅቡ አልሄደም" አለች። "አንዷ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው።"

ሌሎቹ ሦስቱ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው መነጽሩን ጠረገ። ቃለ ጉባኤው እየተፈረመ ዞሮ እሷ ጋ ደረሰ። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። ሳትፈርም አስቀመጠችው።

"ትንሽ ልውጣ።"

"ፈርሚና ውጪ እንጂ" አሉ ፕሮፌሰሩ እንደ ቀልድ።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ዝርዝሩን ዘረጋች። በትውልድ ቀን የተደረደረ ነው፤ ትልልቆቹ ከላይ፣ ጨቅላዎቹ ከታች። ከታች ጀመረች።

"ሃሎ?" አለ የወንድ ድምፅ። ከኋላው ብረት ይቆረጣል።

"የሕፃኗ አባት ነዎት?"

"ነኝ። ማን ልበል?"

"ከአራስ ሕፃናት ምርመራው ነው የምደውለው። የሕፃኗ ደም እንደገና መታየት አለበት።"

"ትናንት ደህና ናት ብላችሁን የለም እንዴ? እኛ እኮ ለዘመድ ሁሉ ነግረን ጨርሰናል!"

"ብለናል" አለች። "ማለቴ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ደህና የሚባለውን ቁጥር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።"

የብረቱ ድምፅ ቆመ። ይሄኔ ፈራች፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቀው የዋለችው ነገር አሁን፣ የማያውቃት ሰው ትንፋሽ ጆሮዋ ላይ ሲሰማ፣ መጣባት።

"ልጄ ምን ሆነችብኝ?"

"ምንም ላትሆን ትችላለች። ብትሆንም ገና ነው፤ እንደርስላታለን።"

"ነገ ሥራ አለብኝ። ቅዳሜ ባመጣትስ?"

የስብሰባው በር ተከፈተ። ፕሮፌሰሩ ቃለ ጉባኤውን በአንድ እጃቸው፣ እስክሪብቶ በሌላው ይዘው ቆመዋል። "አንቺ ልጅ፣ ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።"

"አሁን አምጧት" አለች በስልኩ። "በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ።"

ስልኩን ዘጋች። እስክሪብቶውን ከእጃቸው ተቀበለች፤ በዝርዝሩ የመጨረሻ ስም ላይ ምልክት አደረገችና ከእሱ በላይ ወዳለው ቁጥር ደወለች።