ወለተሐና ለምን ደጅ ቆመች?

«ተነሺ እንጂ፣ እናትሽ እኮ ናት የሞተችው» አለቻት ይመኙሻልን፣ አልታየች የተባለችው አክስቷ፣ በክርኗ ጎሸም እያደረገቻት።

ሣልስት ነበር። ዳሱ ውስጥ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ደረታቸውን ይመታሉ፤ አልቃሿ ግጥም ባወረደች ቁጥር እየዘለሉ ይቀበሏታል። ይመኙሻል ግን ከመደቡ አልተነሳችም። እግሯን አጣምራ፣ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ሰብስባ በተቀመጠችበት ታለቅሳለች። ሐዘኑ ሳይገባት ቀርቶ አይደለም። ከዘለለች ሽንቷ ያመልጣታል። ይህን ደግሞ ከራሷ በቀር የሚያውቅ ሰው በአንኮበሯ ጎረቤላ አልነበረም።

ከወለደች አምስት ወር ሊሆናት ነው። ሁለት ቀን አምጣ የወለደቻት ልጅ ደህና ናት፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ስታስነጥስ፣ ስትስቅ፣ እንስራ ስታነሳ ትረጥባለች። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ብትታጠቅ የሚሻላት መስሏት ነበር፤ ባሰባት። ውኃ መጠጣት ቀነሰች። ልጇ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ስትነሳ እንኳ «ራሴን አመመኝ» ብላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቀረች።

ደጅ መቅረት በዚያ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። ሟቿ እናቷ ወለተሐና የመሪጌታ ሚስት ሆና ሳለ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እግሯን አላስገባችም። ባሏ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ውስጥ ሲያዜሙ፣ እሷ ከግንቡ ጥግ መቁጠሪያዋን ይዛ ትቆማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የሰፈሩ ሰው በዚህ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሹ «ትሕትና ነው፣ ሴትዮዋ ቅድስት ናት» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ምን ሠርታ ይሆን?» ይላል። ይመኙሻል ሁለቱንም እየሰማች አደገች፤ አንዱንም አላመነችም። አንድ ጊዜ በልጅነቷ ደፍራ «እማዬ፣ ለምንድን ነው የማትገቢው?» ብላት ነበር።

«ነፋሱ ይስማማኛል» አለቻት እናቷ። የአንኮበር ነፋስ ለማን እንደሚስማማ እንግዲህ እግዜር ይወቅ።

የዚያኑ ዕለት ከቀትር በኋላ ሦስት ሴቶች ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥተው ለቅሶ ደረሱ። ከፊት የነበረችው ኩብራ ናት፤ ወለተሐና አርብ አርብ ገበያ ስትወርድ ቤቷ የምታርፍባት ወዳጇ፣ የዚያ አገር አዋላጅ። አልቅሳ ሲወጣላት መጥታ ይመኙሻል አጠገብ ተቀመጠች። ንፍሮ ቀረበላቸው። ይመኙሻል ንፍሮው ትን አላትና አሳላት፤ ጭኗን አጣብቃ ጎንበስ አለች። ኩብራ ይህን አየች።

«ልጄ፣ እስቲ ጓዳ አስገቢኝ» አለቻት።

ጓዳ ሲገቡ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስትል ጠየቀቻት።

«ምኑ?»

«ሲያስልሽ ጭንሽን የምታጣብቂው። አርባ ዓመት ሳዋልድ ኖሬ ይሄ ይጠፋኛል?»

ይመኙሻል ልትክድ አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። «ከወለድኩ ወዲህ» አለች።

«እናትሽም አንቺን ወልዳ ነው የጀመራት።»

ይመኙሻል ማልቀሷን አቆመች። ለእናቷ ስትቆጥርላት የኖረችው ሃያ አራት ዓመት የራሷ ዕድሜ ኖሯል።

«የተቀደድሽ መስሎሽ ይሆናል፤ አልተቀደድሽም» አለች ኩብራ። «ከታች፣ ማሕፀንሽንና ፊኛሽን እንደ አልጋ ጠፍር ደግፎ የያዘ ሥጋ አለ። ምጥ ሲረዝም ይላላል። የላላ ጠፍር ደግሞ ይጠብቃል።»

«በምን?»

«በራስሽ። ሽንትሽንና ፈስሽን እንደምትይዢው አድርገሽ ወደ ላይ ሰብስቢው። ሆድሽን አትወጥሪ፣ ትንፋሽሽን አታፍኚ። እስከ ስድስት ቁጠሪና ልቀቂው፤ ያንኑ ያህል አሳርፊው። አሥር ጊዜ፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። መቀነቱን አላሊው፣ ወደ ታች ነው የሚገፋብሽ። ውኃሽን ጠጪ። እንስራውንም ለጊዜው ሌላ ሰው ያንሳልሽ።»

«ሁሉም በዚህ ይድናል?»

«የለም። ቀን ከሌት ሳያቋርጥ የሚወርድባት ካለች ያ ሌላ ነው፣ ሐኪም ይፈልጋል። ያንቺ የናትሽ ዓይነት ነው።»

«እማዬም ቆጠረች?»

«እጇ ላይ የሚዞረው ምን ነበር? እኔ በሙስበሃዬ፣ በኛ መቁጠሪያ አሳየኋት፤ እሷ በመቁጠሪያዋ ያዘችው።»

ያ ሁሉ ሰው «ቅድስት» ያለው የከንፈር መንቀሳቀስ! ይመኙሻል በእናቷ ሣልስት ሳቋ አመለጣት፤ ሽንቷም አብሮ አመለጠ።

«ጸሎቱም ነበረበት» አለች ኩብራ እየሳቀች። «አብራ ብታደርገው አላህ ምን ይላታል?»

«ታዲያ ሳይሻላት ሞተች?»

«ማን አለሽ? መቁጠር በጀመረች በአምስተኛው ወር ደረቀች። ወላሂ፣ ዳገቱን ጨው ተሸክማ ስትወጣ ጠብ አትልባትም ነበር።»

«ከዳነች ለምን አልገባችም?»

«እኔም ጠይቄያታለሁ። ‹አሁን ብገባ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ይሉኛል፤ ምን ብዬ ልመልስ?› አለችኝ። የዘንድሮው ለከርሞ እያለ ሄደ።»

ይመኙሻል የአራስ ቤቷ ትዝ አላት። እናቷ ገላዋን እያጠበቻት፣ «ስታስነጥሺ ደህና ነሽ?» ብላት ነበር። «ደህና ነኝ» አለች። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ደግማ ጠየቀቻት። «ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ!» ብላ ተቆጣች። እናቷ ሦስተኛ አልጠየቀችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን መድኃኒቱም ተደብቆ ነበር። ይመኙሻል በእናቷ ተናደደች፣ በራሷም ተናደደች፤ ዳሱ ውስጥ ካለቀሰችው አብልጣ ጓዳ ውስጥ አለቀሰች።

በአምስተኛው ቀን እንግዳው ሲቀል አባቷን ብቻቸውን አገኘቻቸው።

«አባባ፣ እማዬ ለምን ደጅ እንደምትቆም ያውቁ ነበር?»

«ትሕትና ነዋ» አሉ መሪጌታ።

መሬት መሬት እያየች ነገረቻቸው፤ የእናቷን ነግራ ስትጨርስ የራሷንም ጨመረች። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«በሽታ እኮ ነው» አሉ። «በሽታ ማንን ይከለክላል? ብትነግረኝ እጇን ይዤ ነበር የማስገባት። እኔ በሰው ፊት ስመካባት ኖርኩ።» ቀጥለውም፣ «እኔም አልጠየቅኋት» አሉ።

በሰባተኛው ቀን ጸሎተ ፍትሐቱ ላይ ይመኙሻል መቀነቷን አላልታ፣ ከውስጥ ጨርቅ ደራርባ በሴቶቹ በር ገባች። መቁጠር ከጀመረች ገና አራት ቀኗ ነው፤ እንኳን ልትድን ልኩንም በቅጡ አልለየችውም። ቅዳሴው መሐል ላይ አሳላት። ሰበሰበችው፤ ግማሹን ያዘችው፣ ግማሹ አመለጣት። በሩን አየችው፤ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ሌላው ሴት እንደቆመ እሷም ቆመች።

ሰዉ እየበዛ ሄደ። አልታየች ዘግይታ መጣችና ከይመኙሻል ቀኝ አንድ ሰው የሚያቆም ክፍት ቦታ አየች።

«እስቲ ጠጋ በይልኝ» አለቻት በሹክሹክታ።

ይመኙሻል የእናቷን መቁጠሪያ የያዘ ክንዷን በቦታው ላይ ዘረጋች።

«ሰው አለበት» አለቻት።