የእናቴ የወፍ መድኃኒት

እናቴ መስኡዳ ለወፍ በሽታ መድኃኒት በመስጠት የታወቀች ናት። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ከአምባሰል ድረስ እሷን ብሎ ሐይቅ ከተማ ይመጣል። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም፤ ስሙ ከተነገረ ይረክሳል ይባላል። የበኩር ልጇ እኔ ሱረያ እንኳ የምሰማው በሞት አልጋዋ ላይ ነው። እስከዚያው ወተት አፍልቼ ጓዳ አቀብላታለሁ፤ በሩን ትዘጋብኛለች። እንዴት እንደሚያናድድ!

ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ጤና ጣቢያው ተዘጋ። የጎረቤታችን ልጅ፣ ዓሣ አጥማጁ ሀሚዱ፣ በዚያው ሰሞን ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሌላ መሄጃ አልነበረውምና እናቴ አጠጣችው። አልተሻለውም። ቤተሰቡ ለምነዋት ደገመችለት። ከዚያ ወዲያ ያስመልሰው፣ ያስቀምጠው ጀመር፤ ስንጠራው ዓይኑን መግለጥ እንኳ ያቅተው ነበር።

የጤና ጣቢያዋን ነርስ ለተብርሃንን ከቤቷ ጠራናት። የእነ ሀሚዱ ግቢ በጠያቂ ተሞልቷል። ሆዱን ዳሰሰችና ወደ እናቴ ዞረች።

«እማማ መስኡዳ፣ ምንድን ነው ያጠጡት?»

እናቴ የሀሚዱን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች።

«ሕመሙ ጉበቱን እየጨረሰው ከሆነ በቃሬዛ ተሸክመን፣ በተኩስ መሀልም ቢሆን ሆስፒታል ማድረስ አለብን። የጎዳው መድኃኒቱ ከሆነ ግን እሱን አቁመን እዚሁ ብናስታምመው ይሻላል፤ መንገዱ ራሱ ይገድለዋል። ካልነገሩኝ መለየት አልችልም። በጆሮዬም ቢሆን ይንገሩኝ።»

አጎቴ ባድሩ ቱግ አለ። «ከእናቷ የወረሰችውን? ወላሂ አይሆንም!»

እናቴ ተነሳች።

«በጆሮሽማ አልናገርም ልጀ። ሰሞኑን ከእጀ የወሰደ እሱ ብቻ አይደለም።» ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እንዶድ ነው። የእንዶድ ሥር። ቤታችሁ የተረፈ ካለ ድፉት።»

እንዶድ! ሳሙና ከጠፋ ወዲህ ፍሬውን ለቅመን ልብስ የምናጥብበት፣ በየአጥሩ የተንጠለጠለው እንዶድ! አንዷ ሴት ሳቋ አመለጣት። እናቴ ቀና አላለችም፤ ሀሚዱን ብቻ ታያለች። ስንት ዘመን ክብሯን ያቆመላትን ነገር ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ስትል በአደባባይ ጣለችው። እንደዚያች ደቂቃ ኮርቼባት አላውቅም።

«እንዶድማ መርዝነት አለው» አለች ለተብርሃን። «ማስመለሱም ማስቀመጡም የእሱ ሥራ ነው። ለታመመ ጉበት ደግሞ ሌላ ሸክም ነው። ቃሬዛውን ተዉት።»

ስኳርና ጨው የገባበት ውሃ በማንኪያ እየሰጠን አስታመምነው። ሰነባብቶ ዓይኑን ገለጠና «የሚበላ የለም? ዓሣ ብቻ እንዳይሆን» አለ። እናቴ ከሳቀችው በላይ አለቀሰች።

ነገሩ ሲረጋጋ አኩርፌ ጠየቅኋት። «እንግዲህ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ምን ልትነግሪኝ ነው?»

«ነገርኩሽ እኮ» አለች። «ከሰው ጋር አብረሽ ሰማሽ።»

መንገዱና ጤና ጣቢያው ከተከፈቱ በኋላ አንድ የአምባሰል ገበሬ ዓይኗ ቢጫ የሆነ ሚስቱን ይዞ በራችን ላይ ቆመ። እናቴ ሶላት ላይ ነበረች። እኔ ወጣሁና ሁለቱንም ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ፤ በመንገድ ላይም የመድኃኒቱን ስም ጮክ ብዬ ነገርኳቸው።